አንድ አልበም በሁለት ሸንጎ ፊት

እ.ኤ.አ. በ2001 እጅጋየሁ ሽባባው፣ ሕዝብ በቁልምጫ ጂጂ የሚላት ዘፋኝና የዘፈን ደራሲ፣ በዚሁ በቁልምጫ ስሟ የተሰየመውን አልበም ባወጣች ጊዜ ሥራዋ በሁለት ሸንጎ ፊት ቆመ። ከባሕር ማዶ ያለው ሸንጎ ቋንቋዋን ሳያውቅ አመሰገናት፤ ያገሯ ሰው የተቀመጠበት ሸንጎ ግን እያንዳንዱን ቃሏን እያወቀ፣ ድምፅዋንም እየወደደ፣ ዘፈኑ ከለመደው ወግ መራቁን አንሥቶ እርስ በርሱ ተከራከረ። ስለ አንድ ሥራ የተሰጡ ሁለት ፍርዶች ሲለያዩ የብዙ ሰው ልማድ ከሁለቱ ዳኞች አንዱን አላዋቂ አድርጎ መዝገቡን መዝጋት ስለ ሆነ፣ አንዱ ወገን ፈረንጅ ምን ገብቶት ይላል፣ ሌላው ደግሞ ያገሬው ጆሮ ገና አልሠለጠነም ብሎ ይደመድማል። ለእኔ ግን ሁለቱም በሚገባ የሰሙ ይመስለኛል፤ የተለያዩበትም ምክንያት መስማት የሚባለው ነገር ላይ ላዩን ሲያዩት አንድ መስሎ ከሥሩ ብዙ መሆኑ ነው።

አስቀድሞ የተከሳሹን ማንነት መናገር የሸንጎ ወግ ነውና፣ ጂጂ እ.ኤ.አ. በ1974 በጎጃም ቻግኒ ተወለደች፤ ሴት ልጅ ከማኅሌት መቆም በማትችልበት ሥርዓት ውስጥ አድጋ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ ወላጆቿ ቤት ይመጣ ከነበረ ካህን አፍ ተማረች። ከዚያም ኬንያን አልፋ አሜሪካ ገባች። አልበሙን ያሳተመው ፓልም ፒክቸርስ የክሪስ ብላክዌል ድርጅት ሲሆን፣ ይህ ሰው ቀደም ሲል አይላንድ በተባለው ኩባንያው ቦብ ማርሌን ለዓለም ያስተዋወቀው ነው። ፕሮዲዩሰሩ ቢል ላስዌል የባስ ጊታር ተጫዋች ነበረና ለአጀቡ የጠራቸው ሰዎች እንዲሁ የሚገኙ አልነበሩም፤ ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር በ1960ዎቹ ከማይልስ ዴቪስ ጋር፣ ፋሮህ ሳንደርስ ከጆን ኮልትሬን ጋር የተጫወቱ የጃዝ ሊቃውንት ነበሩ፤ ሄንሪ ትሬድጊልና ግራሃም ሄይንስም ተጨመሩ። ከቻግኒ የወጣው ድምፅ በእነዚህ ሰዎች መካከል ቆሞ ስለ አባይ፣ ስለ አድዋ፣ ስለ ባለ ዋሽንቱ፣ ስለ ናፍቆት አዜመ።

የባሕር ማዶውን ሸንጎ ብያኔ ለመመዘን፣ ከጂጂ ዐሥር ዓመት ያህል አስቀድማ በዚያው ፊት የቆመችውን የጎንደሯን ተወላጅ አስቴር አወቀን ማስታወስ ይበቃል። አስቴር በ1989 በስሟ የተጠራውን አልበም በለንደን፣ ቀጥሎም «ካቡ»ን በ1991 ባወጣች ጊዜ የፈረንጅ ሐያሲያን እየደጋገሙ ከአሬታ ፍራንክሊን ጋር አመሳሰሏት። ምስጋናው ትልቅ ነው፤ አሬታ ትንሽ ዘፋኝ አይደለችምና። ነገር ግን ዳኛ የሚፈርድበት ሕግ ሲጠፋው ቀድሞ ወደሚያውቀው መዝገብ ይሄዳል፤ ከዚያም የቀረበለትን ነገር በዚያ መዝገብ ካለው ጋር በሚመሳሰልበት በኩል ብቻ ያያል። ስለ ጂጂም የሆነው ይኸው ነው። የጃዝ ሊቃውንቱ ስም በሽፋኑ ላይ ስላለ ሐያሲው የሚያውቀውን መዝገብ ይዞ ገባ፤ ገብቶም እዚያ ውስጥ የማያውቀው ድምፅ አገኘ። የምስጋናው ግማሽ ለሚያውቀው፣ ግማሹ ለማያውቀው ነበር፤ እኔም የማደንቀው ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ነው፤ ምክንያቱም ሰው በማያውቀው ነገር መነካቱን ለመመስከር ጥቂት ድፍረት ያስፈልገዋል።

ግጥሙን ሳይሰማ ስለ ዘፈን የሚፈርድ ሰው እንዴት ይታመናል የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ በተለይም ሰምና ወርቅን ለይቶ በማድመጥ በሚኮራ ሕዝብ ዘንድ ጥያቄው የሚያሳፍር እንኳ ይመስላል። እኔም በዚህ ነገር ላይ ብዙ ጊዜ ከቆምሁ በኋላ መልሱን ያገኘሁት ከሐያሲያን ጽሑፍ ሳይሆን ከኮሶዬ ነው።

ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ላይ ያለች የወገራ ደጋ ናት። ከአፋፏ ላይ ሲቆሙ መሬቱ ድንገት ይቆረጥና ቆላው ከሥር ይዘረጋል፤ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲዞሩ ደግሞ መንገዱ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል አልፎ የሰሜን ተራሮች ግርጌ ይደርሳል። ገብስና ባቄላ የሚዘራው የዚህ ደጋ ገበሬ በበዓል ዋዜማ ሌሊቱን ጋቢውን ደርቦ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይገባና እስከ ንጋት ማኅሌት ይሰማል። የሚሰማው በግእዝ ነው፤ ግእዝን ግን አልተማረም። ድጓው ምን እንዳለ ቃል በቃል ንገረን ቢሉት አይነግርም፤ ሆኖም መሪጌታው የወረቡን መግቢያ ሲያነሣ ዓይኑ ዕንባ ያቀርራል፤ ከበሮው ከጽናጽሉ የቀደመ እንደ ሆነም ከማንም በፊት ዘወር ብሎ የሚያየው እርሱ ነው። ቃሉን ሳያውቅ ነገሩን ያውቃል፤ ደግሞም ይፈርዳል። እንግዲህ ያልገባንን ቋንቋ ሰምተን መነካት ለእኛ እንግዳ ነገር ሆኖ አያውቅም፤ ቅዱስ በምንለው ቦታ ሁሉ ስናደርገው የኖርነው ነው። ዘፈንን ከማኅሌት ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጤ የሚያስቆጣቸው አባቶች ይኖሩ ይሆናል፤ እኔ ግን የማነጻጽረው የተደመጠውን ነገር ሳይሆን የአድማጩን ጆሮ ነውና ይቅር ይሉኛል ብዬ አምናለሁ።

ያም ሆኖ በወገራው ገበሬና በኒው ዮርኩ ሐያሲ መካከል አንድ ትልቅ ገደል አለ። ገበሬው ያን ዜማ ከልጅነቱ ጀምሮ በየዓመቱ፣ በየበዓሉ፣ አባቱና አያቱ በሰሙበት ቅጥር ውስጥ ሰምቶታል፤ ቃሉን ባያውቅም ቦታውን ያውቃል፤ ይህ ዜማ በጾም የሚባል፣ ያኛው በትንሣኤ የሚባል መሆኑን ሰውነቱ ያውቀዋል። ሐያሲው ግን ዲስኩን በፖስታ ተቀብሎ በጠረጴዛው ላይ ይሰማል፤ ሳምንቱ ሳያልፍም ይጽፋል። ስለዚህ የባሕር ማዶው ሸንጎ ጉድለት ቋንቋ አለማወቁ አይደለም፤ ጊዜ ማጣቱ ነው። የእኛው ሸንጎ ደግሞ ቋንቋም ጊዜም ነበረው፤ ነገር ግን ያ ጊዜ የተከማቸው በሌላ ድምፅ ላይ ነበር። በ1990ዎቹ ባገር ቤት የካሴት ዘፈን አጀብ በአብዛኛው በአንድ ኪቦርድ የሚሠራ ስለ ነበር፣ አድማጩ የለመደው ዘፋኙ ከፊት ቆሞ አጀቡ ከኋላው የሚከተልበትን ሥርዓት ነው፤ ባሱ ከዘፋኟ እኩል የሚናገርበት፣ ሳክስፎኑ የራሱን ሐሳብ ይዞ የሚሄድበት ሥራ ሲመጣ፣ ጌታ በተቀመጠበት እንግዳ ሳይጠራ እንደ ተናገረ ያህል ቆጠረው።

ከኮሶዬ አሻግረው የሚያዩአቸው እነዚያ የሰሜን ተራሮች ስለ አድማጭና ስለ ባለ ዜማ ከሁሉ የጠለቀውን ታሪክ ይዘዋል። ትውፊቱ እንደሚናገረው፣ ቅዱስ ያሬድ በአክሱም በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ከመመሰጡ የተነሣ የያዘውን ዘንግ በያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ደሙም እየፈሰሰ ዘማሪውም አድማጩም ዜማው እስኪያልቅ ድረስ አላወቁም። ንጉሡ ባወቀ ጊዜ ደንግጦ የደምህን ዋጋ የፈለግኸውን ለምነኝ አለው፤ ያሬድም የለመነው ከሰው ተለይቶ ወደ ገዳም የሚሄድበትን ፈቃድ ነበር፤ ሄዶም በሰሜን ተራሮች ውስጥ ተሰወረ ይባላል። ይህ ታሪክ ሲነገር ሁልጊዜ የሚደነቀው የዜማው ኃይል ነው፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን በታሪካችን በመጀመሪያ የተጻፈው ፍጹም አድማጭ፣ ፍጹም ሆኖ በማድመጡ ባለ ዜማውን ማቁሰሉ ነው። ማመስገን እንደ መንቀፍ ሁሉ ዘንግ ይተክላል። ጂጂን የባሕር ማዶው ሸንጎ ሲያመሰግናት «የዓለም ሙዚቃ» ከሚባለው መደርደሪያ ላይ ተከላት፤ ያገሯ ሸንጎ ደግሞ ከፍቅሩ ብዛት የተነሣ ትናንት በቆመችበት ቦታ ላይ ሊተክላት ፈለገ።

አሁን ወደ አዲስ ነገር አቀባበል እንምጣ፤ በዚህ ረገድ ከጎንደር የተሻለ አስተማሪ ከወዴት ይገኛል? በ19ኛው መቶ ዓመት የኖሩት አለቃ ገብረ ሐና፣ ሕዝቡ በቀልዳቸው ብቻ የሚያስታውሳቸው ነገር ግን በአቋቋም ሊቅነታቸው ከማንም የማያንሱት የፎገራው ሰው፣ ከጣና ዳር የደንገሉን በማዕበል መወዛወዝ አይተው አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ ይባላል። ዝማሜውን ለጎንደር በዓታ ሊቃውንት ባቀረቡት ጊዜ ሊቃውንቱ አልተቀበሉትም፤ በዓታ የአቋቋም ምስክር ቤት ነበረችና ያልተቀበለችው ነገር በዚያ ሊቆም አልቻለም። ስልቱን የተማረው ልጃቸው ተክሌ በደብረ ታቦር ተከለው፤ በስሙም ተክሌ ተባለ፤ ዛሬ መቋሚያ በያዘ ሁሉ ዘንድ የታወቀ ሆኗል።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሚተርከው የበዓታን ሊቃውንት ለመውቀስ ነው፤ አዲስ ነገር ተከለከለ፣ በኋላ ግን አሸነፈ ይላል። እኔ በዚህ አተረጓጐም አልስማማም። የበዓታ ሊቃውንት ተክሌን ተቀብለው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? አዲሱ ስልት ደስ የሚያሰኝና ወጣት የሚስብ ነበርና፣ በአንዲት ደብር ሁለቱ ተቀላቅለው ከአንድ ትውልድ በኋላ የጥንቱን ከአዲሱ የሚለይ ሰው ላይገኝ ይችል ነበር። ስለከለከሉ ግን የጎንደሩ አቋቋም በጎንደርነቱ ቀረ፣ ተክሌም በደብረ ታቦር የራሱን ቤት ሠራ፤ አንዱ ክልከላ ሁለት ሀብት አወረሰን። ነቃፊ ሁልጊዜ የአዲስ ነገር ጠላት ተደርጎ መታየቱ የማይገባኝ ለዚህ ነው፤ ነቃፊው በአዲሱ ጩኸት መካከል ሊጠፋ የሚችለውን ነገር በእጁ ይዞ የቆመ ሰው ሊሆን ይችላል። ጂጂን ስለ አጀቧ የነቀፏት ሰዎች ሁሉ እንዲህ ያሉ ነበሩ አልልም፤ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ የለመዱትን ብቻ የሚፈልጉ ሰነፎች እንደ ነበሩ አያጠራጥርም።

ይሁን እንጂ ንጽጽሩ የሚሰበርበት ቦታ አለ። የቤተ ክርስቲያን ዜማ ምስክር ቤት አለው፤ ድጓ የተማረ ሰው ጋይንት ቤተ ልሔም ወርዶ ካላስመሰከረ መምህር አይባልም፤ ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮም አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያደራጁት ምልክት ስላለ፣ ተማሪው በሳተ ጊዜ የሳተበትን ፊደል በጣት ጠቁሞ ማሳየት ይቻላል። ዘፈን ግን ቤተ ልሔም የላትም። የዘፈን ምስክር ቤት ጥንት ጠጅ ቤቱና ሰርግ ቤቱ ነበሩ፤ እዚያም የነበረው ዳኝነት የተለየ ጠባይ ነበረው። የጎንደር አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ ሲቆም ሰሚው ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ያንኑ ግጥም ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል፤ ሰሚው ነቀፋ ቢኖረው እንኳ ነቀፋው ግጥም ሆኖ ወደዚያው ዘፈን ይገባል፣ ሕዝቡም ይስቃል፣ አዝማሪውም በሌላ ስንኝ ይበቀላል። በዚህ ሥርዓት ሐያሲና ዘፋኝ ተራ በተራ አንድ ሥራ ይሠራሉ፤ ዘፈኑም የማንኛቸውም ብቻ አይደለም።

የስቱዲዮ አልበም ይህን በር ዘጋ። በስቱዲዮ ውስጥ እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው በየመስመሩ ሊቀረጽ፣ ከበሮው ዛሬ ሳክስፎኑ በሌላ ሳምንት ሊገባ፣ ተጫዋቾቹም ሳይተያዩ አንድ ዘፈን ሊሠሩ ይቻላል፤ ሁሉ ተዋሕዶ ከታተመ በኋላ ግን ሰሚው አንዲት ስንኝ እንኳ ሊጨምርበት አይችልም። አልበም ላይ የሚወርደው የምስጋናና የነቀፋ ውርጅብኝ ያን ያህል የሚበረታውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ድሮ ወደ ዘፈኑ ውስጥ ይገባ የነበረው የሰሚ ቃል መግቢያ ስላጣ በውጭ ይከማቻል። አሁን ስለ አልበም የሚጻፈው ሐተታ ሁሉ፣ ይህም የእኔው ጽሑፍ ጭምር፣ ለአዝማሪ ሳይሰጥ የቀረ ግጥም ነው።

ከሰሚዎች ሁሉ አንድ ሰው ብቻ ወደ ውስጥ መግባት ቻለ፤ እርሱም ፕሮዲዩሰሩ ራሱ ነው። ላስዌል በ2003 የዚያኑ አልበም ቅጂ ወስዶ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» በሚል ስም እንደ ገና ሠራው፤ ባሱንና ማሚቶውን አጐላ፣ የጂጂን ቃል ግን አብዛኛውን አነሣና ድምፅዋን እንደ ጭስ በሙዚቃው ውስጥ በተነው። ይህ በእውነት የአንድ አድማጭ መልስ ነው፤ ቋንቋውን የማያውቅ ጆሮ የሰማውን በሐቀኝነት ያሳያል። በዚያው ዓመት ደግሞ ጂጂ «አቢሲንያ ኢንፊኒት» በተባለው ስብስብ «ዛዮን ሩትስ»ን አወጣች፤ በዚህኛው አጀቡ ዝግ ብሎ ወደ ክራሩና ወደ አገር ቤቱ ዜማ ተመለሰ። ሁለቱን አልበሞች ጎን ለጎን ያደመጠ ሰው ሁለቱ ሸንጎዎች እያንዳንዳቸው የሚፈልጉትን ቢያገኙ ዘፈኑ ምን እንደሚመስል ያያል፤ አንደኛው ያለ ቃል፣ ሁለተኛው ያለ እንግዳ። እኔ ሁለቱንም ወድጃቸዋለሁ፤ ነገር ግን ከሁለቱም የ2001ዱን፣ ጥሉ በውስጡ ያለበትን፣ አስበልጣለሁ።

ዛሬ ያ ጥል ቀዝቅዟል። «አድዋ» የካቲት 23 በመጣ ቁጥር ከየሬዲዮው ይሰማል፤ «አባይ»ም ከዘፋኝዋ አፍ ወጥቶ የሕዝብ ሀብት ሆኗል፤ ባንድ ወቅት ስለ አጀቡ የተከራከሩት ሰዎች ልጆች ክርክር እንደ ነበረ እንኳ አያውቁም። ብዙዎች ይህን አይተው ዘመን ፈረደላት ይላሉ። እኔ ለዘመን ይህን ያህል ሥልጣን መስጠት አልሻም። ጆሮ በመደጋገም የማይለምደው ነገር የለም፤ መጥፎ ማስታወቂያ እንኳ ዓመት ሙሉ ቢደጋገም ልጆች ሲዘፍኑት ይሰማል። መልመድ ምስክር ሆኖ ይቀርባል እንጂ ዳኛ አይሆንም፤ ምስክርነቱም ዘፈኑ መኖሩን ብቻ ነው የሚያረጋግጠው። እውነተኛው ጥያቄ ያ ዘፈን ከተለመደ በኋላ ምን ይሰጣል የሚለው ነው፤ «አድዋ» በዚህ መመዘኛ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ሃያኛ ጊዜ ሲሰማ ከመጀመሪያው ጊዜ ይልቅ ይከብዳልና።

ደግሞስ ነቃፊዎቹ በአንድ ነገር ልክ ነበሩ ብዬ ብናገር ምን አለበት? ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺ ሆዬ፣ ቅኝታችን በአምስት ድምፅ የቆመ ስለ ሆነ የዘፈኑ ክብደት የሚያርፈው በድምፆቹ መካከል ባለው ባዶ ቦታና ዘፋኙ ያን ባዶ ቦታ በጉሮሮው እያርገበገበ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። የጃዝ ሊቅ ደግሞ ባዶ ቦታ ሲያይ የኅብረ ድምፅ ቀለም መጨመር የሙያው ግዴታ ነው። በአልበሙ ውስጥ አጀቡ በታገሠበት ሁሉ፣ ይልቁንም በዝግታ በሚሄዱት ዘፈኖች፣ ሁለቱ ሸንጎዎች የሚለያዩበት ምክንያት የለም፤ አጀቡ ባዶውን ቦታ በሞላበት ግን ያገሬው ጆሮ አንድ ነገር እንደ ተወሰደበት አውቋል፤ ያወቀውንም በትክክል አውቋል። ያጣው ነገሩን የሚናገርበትን ቃል ነው። የበዓታ ሊቃውንት ተክሌን ሲከለክሉ የእግሩን፣ የመቋሚያውን፣ የአንገቱን ሁኔታ በስሙ ጠርተው ለመከራከር የሚያስችል ትምህርት ነበራቸው፤ ስለ ጂጂ አልበም የተነሣው ክርክር ግን የእኛ ነው፣ የእኛ አይደለም ከሚለው እምብዛም ሳያልፍ ደከመ። ቅኝቱ የት ላይ እንደ ጸና፣ የት ላይ እንደ ተሸፈነ፣ ዘፈን በዘፈን እየጠራ የሚያሳይ የአገር ቤት ሐያሲ ዛሬም ቢነሣ ሥራው አልዘገየም፤ ምክር ከተቀበለኝም በሁለቱም ሸንጎ ዘንድ ስሙ ከታወቀው ከዚሁ አልበም ዘፈን፣ ከ«ጉራማይሌ» ይጀምር፤ በመጀመሪያም ከነአጀቡ ሰምቶ፣ ቀጥሎ ያንኑ ዜማ አንድ ጥሩ መሰንቆ መቺ ብቻውን እንዲጫወትለት ያድርግ።